ጣቢያው ቅርብ ነው፣ መንገዱ ሩቅ፦ ለከተማችን ፕላን አዘጋጆች ግልጽ ደብዳቤ

ለከተማችን ፕላን አዘጋጆች፣ ለግንባታ ፈቃድ ሰጪዎች እና ጉዳዩ ይመለከተኛል ለምትሉ ሁሉ

ሰላም ለእናንተ ይሁን። ደብዳቤው ትንሽ ይረዝማል፣ ታገሱኝ።

የምኖረው አዲስ አበባ፣ አያት አካባቢ ነው። የከተማው ቀላል ባቡር የሚያልቅበት፣ ታክሲው የሚጀምርበት ሰፈር። ወደ አባዶ፣ ወደ ቦሌ አራብሳ፣ ወደ ጣፎ የሚሄደው ሕዝብ እዚህ ወርዶ ነው የሚበታተነው። ስለ ጣቢያ ዙሪያ የምለውን ካላመናችሁኝ ጫማዬ ይመስክር።

በባቡሩ መስመር ግራና ቀኝ የቀረው ክፍት ቦታ በፍጥነት እየተያዘ ነው። መጀመሪያ ቆርቆሮ ይታጠራል፣ ቀጥሎ ክሬን ይቆማል፣ ትንሽ ቆይቶ የሽያጭ ባነር ይሰቀላል። ባነሩ ላይ ደግሞ ብዙ ጊዜ "ከባቡር ጣቢያ በቅርብ ርቀት" የምትል ነገር አትጠፋም። ቅርብ ለማን? አየር ላይ ቀጥ ብሎ ለሚበር አዎ ቅርብ ነው። በእግሩ ለሚሄድ ግን መሀል ላይ የማይታለፍ ግቢ አለ፣ ግቢውን ለመዞር ዋናው መንገድ ድረስ መውጣት አለ፣ ከዚያ መኪና መሀል ለመሻገር መጋፋት አለ። እናም የምለምናችሁ ይህንን ነው፦ በጣቢያ ዙሪያ ፈቃድ ስትሰጡ ስለ ፎቁ ቁመት የምትጠይቁትን ያህል፣ ሰው በየት በኩል እንደሚያልፍም ጠይቁ። የመሬት አጠቃቀም ደንቡም ይህንን በግልጽ ይጻፈው።

ባቡሩ ሥራ የጀመረው መስከረም 9 ቀን 2008 ዓ.ም. ነው። ሁለቱ መስመሮች አንድ ላይ 34 ኪሎ ሜትር ገደማ ናቸው፣ ጣቢያዎቹ 39፣ ወጪው 475 ሚሊዮን ዶላር። ከዚህ 85 በመቶው ከቻይና ኤክስፖርት ኢምፖርት ባንክ የተገኘ ብድር ነው። ብድር ስለሆነ እኛም ልጆቻችንም እንከፍለዋለን። በዚህ ዋጋ የመጣን ጣቢያ ዙሪያውን ለረጅም አጥርና ለመኪና ማቆሚያ ከሰጠነው፣ ትርፉ ዕዳው ብቻ ነው የሚሆነው።

በዓለም ላይ ያሉ የከተማ ፕላን ባለሙያዎች በዚህ ጉዳይ ላይ ብዙም አይጨቃጨቁም። ሰው ያለ ማጉረምረም ወደ ጣቢያ የሚራመደው ከ400 እስከ 800 ሜትር፣ በሰዓት ሲቆጠር ከ5 እስከ 10 ደቂቃ ገደማ ነው ይላሉ። ስለዚህ ጣቢያውን መሀል አድርገው ክብ ይሰምራሉ፣ ክቡ ውስጥ ብዙ ቤት፣ ብዙ ሱቅ፣ ብዙ ቢሮ እንዲሠራ ይፈቅዳሉ። እዚህ ድረስ ጥሩ ነው። ችግሩ ክቡ ላይ ነው። ክብ በካርታ ላይ ሲሰመር ያምራል፣ መሬት ላይ ግን ሰው በክብ አይሄድም። የ800 ሜትሩ ክብ ውስጥ ያለው መሬት 200 ሄክታር ይሆናል። መንገዱ እጥፍ የሚያዞር ከሆነ በዚያው 10 ደቂቃ ውስጥ የሚደረስበት መሬት 50 ሄክታር ብቻ ነው። ሩብ ማለት ነው። ሦስቱ እጅ በካርታ ጣቢያ አጠገብ ነው፣ በኑሮ ግን ሌላ ሰፈር ነው። ያን ሦስት እጅ የሚበላው ደግሞ ወንዝ ወይም ገደል ቢሆን ፈጣሪን እናማርር ነበር። አጥር ነው። እኛው የፈቀድነው አጥር።

የዴንማርኳ ኮፐንሃገን ይህን የገባት ከተማ ናት። ከ2007 እ.ኤ.አ. ወዲህ በዋና ከተማዋ አካባቢ በሚሠራበት ፕላን መሠረት ትልቅ ቢሮ፣ ማለትም ከ1,500 ካሬ ሜትር በላይ የሆነ፣ በመርህ ደረጃ ከጣቢያ በ600 ሜትር ውስጥ መሠራት አለበት። ልብ በሉ፣ 600 ሜትሩ መነሻ የሚያደርገው ሰው በእግሩ የሚሄደውን ርቀት ነው። እኛም እንዲህ ብንለካ ምን ይከብደናል? አንድ ሰው ሜትር ይዞ ከጣቢያው በር ተነስቶ ይራመድ፣ 600 ሲሞላ ይቁም፣ ያቺን ነጥብ ካርታው ላይ ያስፍር። በየአቅጣጫው እንዲሁ ያድርግ። የሚወጣው ቅርጽ ክብ አይሆንም፣ ጥርሱ እንደወለቀ መጋዝ ነው የሚሆነው። የጎደለበት ቦታ ሁሉ ደንቡ መሥራት ያለበት ቦታ ነው።

ስለ አጥር ካነሳሁ አይቀር የሰፈሬን ልንገራችሁ። ከቤቴ ወደ ጣቢያው ስሄድ መሀል ላይ አንድ ሰፊ ግቢ አለ፣ የማን እንደሆነ መናገር አያስፈልግም። ግቢው ከመታጠሩ በፊት ሰው አቋርጦ የሚሄድባት ቀጭን መንገድ ነበረች፣ እግር የሠራት። አጥሩ ሲቆም መንገዷ ተዘጋች። ሰው ግን መች ይተዋል! አንዱ ጥግ ላይ ቆርቆሮዋን ከታች ገልበጥ አድርጎ አንድ ሰው ጎንበስ ብሎ የሚያልፍባት ሽንቁር አበጀ። ጠዋት ጠዋት እዚያች ሽንቁር ላይ ሰልፍ አለ ብላችሁ ታምናላችሁ? ተማሪው ቦርሳውን አስቀድሞ ይወረውራል፣ ከስር ያለው ጭቃ ላይ ሰው ካርቶን አንጥፎበታል፣ የቆርቆሮው ጠርዝ የስንቱን ጃኬት እንደቀደደ እሱ ይቁጠረው። አንድ ቀን ጥበቃው እዚያው ቆሞ፣ ዘንቢል የያዙ እናት ሊያልፉ ሲሉ "እማማ፣ ዛሬ እንኳን ይቅርብዎ፣ አለቃ መጥቷል፣ እኔን ነው የሚቀጡኝ" ሲላቸው ሰማሁ። እሳቸውም "ልጄ፣ እኔ ዞሬ ስደርስ እኮ ባቡሩ ሄዷል" አሉት። ትንሽ ተከዘና ፊቱን ወደ ሌላ አዞረ። አለፉ።

ጥበቃው ምን ያድርግ? ባለቤቱም ቢሆን ሕግ የጣሰ አይመስለኝም። ቦታውን አጥር ብሎ አጠረ፣ በቃ። ጥፋቱ ከጣቢያ አጠገብ ያለ ሰፊ ቦታ መሀሉን ለእግረኛ እንዲከፍት የሚያስገድደው ሰው አለመኖሩ ነው። እንግዲህ የመጀመሪያው ልመናዬ ይህ ነው። በጣቢያ ዙሪያ አንድ ግቢ ወይም ብሎክ ያለ መተላለፊያ ሊኖረው የሚችለው ርዝመት ይወሰን። 100 ሜትር በሉት፣ 120 በሉት፣ እሱን ባለሙያ ይወስን። ከዚያ የረዘመ ከሆነ መሀሉን ከፍቶ፣ መብራት አድርጎ፣ በካርታው ላይ የሕዝብ መተላለፊያ ተብሎ ይመዝገብ። ሲፈልጉ የሚከፍቱት፣ ሲደብራቸው የሚዘጉት በር ተደርጎ እንዳይሆን።

"የሰውን ይዞታ በነፃ ቁረሱ ነው የምትለው?" የሚል አይጠፋም። አይደለም። የብራዚሏ ሳኦ ፓውሎ በ2014 እ.ኤ.አ. ባወጣችው ማስተር ፕላን ያደረገችውን እዩ። በባቡርና በአውቶቡስ መስመሮች ዳር የቦታውን ስፋት አራት እጥፍ የሚሆን ወለል እንዲሠራ ፈቀደች። ግራውንዱን ወደ መንገድ በሚከፈት ሱቅ ላደረገ፣ ቦታውን ከፍሎ እግረኛ እንዲያልፍበት ለተወ ደግሞ በሚሠራው ወለል ላይ ማበረታቻ ጨመረችለት። ሰጥቶ መቀበል ነው። አልሚው ከታች ጥቂት ሜትር ይለቃል፣ ከላይ ይካሳል። በእኛ ሊዝ ዋጋ ይህንን የሚጠላ አልሚ ካለ አሳዩኝ። ሳኦ ፓውሎም ቢሆን ሁሉም ነገር ሰምሮላታል ማለቴ አይደለም። ጣቢያ ዳር ለኢንቨስትመንት የሚገዙ ጥቃቅን ስቱዲዮዎች በዝተው፣ ቤቱ ለሚያስፈልገው ቤተሰብ አልሆነም ተብሎ ተተችታለች። እሱን ወደ ኋላ እመለስበታለሁ።

ሁለተኛው ነገር ግራውንዱ ነው። አዲሶቹን ሕንፃዎች ከፊት ለፊታቸው ሂዱና እዩ። አንዳንዱ ከላይ መስታወት በመስታወት ነው፣ ከታች ግን የመኪና መግቢያ፣ የጀነሬተር ቤት፣ የጥበቃ ቤት፣ ከዚያ ረጅም ግድግዳ። በዚያ ግድግዳ ስር ማታ ከ1 ሰዓት በኋላ አንዲት ልጅ ብቻዋን ስትሄድ አስቡ። መብራት የለ፣ ሱቅ የለ፣ የሚያይ ዓይን የለ። ከመንገዱ ማዶ ደግሞ አሮጌዎቹ ቤቶች አሉ፣ ትንንሽ ሱቆች የተደረደሩባቸው። አንዷ ክፍል ፎቶ ኮፒ፣ አንዷ ጸጉር ቤት፣ አንዷ ጁስ ቤት፣ በሩ ላይ ጀበና ቡና የምታፈላ ልጅ። ሰው የሚመርጠው የትኛውን ነው? ያለ ጥርጥር ማዶውን። ታዲያ ደንቡ ለምን የማዶውን አይነት አያዝም? ከጣቢያው በቅርብ ርቀት ላይ የሚሠራ ሕንፃ ወደ መንገድ የሚያየው ፊቱ ቢያንስ አብዛኛው ክፍል በርና መስኮት ያለው ይሁን። ሱቆቹም ጠበብ ጠበብ ያሉ ይሁኑ። አንድ ባንክ የፊቱን ግራውንድ ሙሉ ከያዘው 10 ሰዓት ላይ ሹተሩን ሲዘጋ መንገዱም አብሮ ይዘጋል። ባንክ ጠልቼ አይደለም፣ ፎቅ ላይ ይውጣ ነው የምለው፣ ሊፍት አለው አይደል እንዴ።

እዚህ ላይ ስለ ጉልት ነጋዴዎች ዝም ብዬ ባልፍ ይቆጨኛል። ጣቢያ ባለበት በቆሎ ጠባሽ አለች፣ ሊስትሮ አለ፣ ሶፍትና ማስቲካ ሻጭ አለ። ደንብ አስከባሪ ሲመጣ ይሮጣሉ፣ ሲሄድ ይመለሳሉ። ይሄ ድብብቆሽ ማንንም አልጠቀመም። የጣቢያው አካባቢ ፕላን ሲወጣ ለእነሱም የተሰመረ ቦታ፣ ከዝናብ የምታስጠልል ዳስ፣ ውሃ መውረጃ ይኑራቸው። ባቡር የወረደ ሰው ከነሱ ይገዛል፣ አልገዛም የሚል ካለ ማታ 12 ሰዓት ላይ መጥቶ ይይ።

ሦስተኛው የመኪና ማቆሚያ ነው፣ እዚህ ላይ ልትቆጡኝ ትችላላችሁ። ሕንፃ ሲሠራ ፓርኪንግ አምጣ ይባላል። መሀል ከተማ ላይ ምክንያቱ ይገባኛል፣ መንገዱ በቆመ መኪና ተጣቧል። ነገር ግን ባቡር ጣቢያ በር ላይ የሚሠራን ሕንፃ ብዙ ፓርኪንግ አስቆፍሮ ማሠራት ሰዎች በመኪና እንዲመጡ መጋበዝ ነው። አንድ መኪና ከመዞሪያው ጋር 25 ካሬ ሜትር ገደማ ይፈልጋል። ይህ ከአንድ ስቱዲዮ ኮንዶሚኒየም ብዙም አያንስም። መኪና ለሌለው ሰው የሚሸጥ ቤት ውስጥ የቤዝመንቱ ቁፋሮ፣ የኮንክሪቱ፣ የብረቱ ዋጋ ተደምሮ ይመጣል፣ ገዢው ሳያውቀው የሌላውን ሰው መኪና ማሳደሪያ ይከፍላል። ሜክሲኮ ሲቲ በ2017 እ.ኤ.አ. ደንቧን ገለበጠችው። "ቢያንስ ይህን ያህል ማቆሚያ አምጣ" ይል የነበረውን "ከዚህ በላይ እንዳትሠራ" አደረገችው። እኛ ከተማውን በሙሉ እንገልብጥ አልልም። በጣቢያዎቹ ዙሪያ ብቻ ይሞከር። ለአካል ጉዳተኛ፣ ለጭነት፣ ለአምቡላንስ የሚሆነው ቦታ ይቅር እንዳልላችሁ ደግሞ ታውቃላችሁ።

ስለ እግረኛ መንገዱ ራሱ ብዙ ባልል ይሻላል፣ ከጀመርኩ አላቆምም። ግን አንዷን ልንገራችሁ። ከዋናው መንገድ ገባ ሲባል እያንዳንዱ ባለ ፎቅ ደጁን በራሱ ልክ ነው የሚያነጥፈው። አንዱ ደረጃ ሠርቶ ከፍ ያደርገዋል፣ ቀጥሎ ያለው ለመኪናው መውጫ ብሎ ቆርጦ ዝቅ ያደርገዋል፣ ሦስተኛው የሳሎን ሴራሚክ ያነጥፍበታል፣ ሐምሌ ላይ ዝናብ ሲነካው ሰውን አንሸራቶ የሚጥል። ነፍሰ ጡር፣ አዛውንት፣ ዊልቸር የሚገፋ ሰው በዚህ ላይ እንዴት ይሂድ? አስፋልት ላይ ይወርዳል፣ ሌላ ምን ያደርጋል። የአጠቃቀም ፈቃድ ከመሰጠቱ በፊት አንድ ሰው መጥቶ የደጁ ከፍታ ከግራና ቀኝ ጎረቤቱ ጋር መግጠሙን ያረጋግጥ። ካልገጠመ ፈቃዱ ይቆይ። ይህ ገንዘብ አይጠይቅም።

የኮሪደር ልማቱ በዋና ዋና መንገዶች ዳር ሰፋ ያለ የእግረኛ መንገድና የብስክሌት መስመር አምጥቷል፣ የተሠራበት ቦታ ላይ ሄጄበታለሁ፣ ደስ ይላል። ነገር ግን ዋናውን መንገድ ተከትሎ ነው የሚሄደው። ሰው የሚኖረው ደግሞ ከዋናው መንገድ ገባ ብሎ ነው። ከጣቢያው ወደ ጎን፣ ወደ ውስጥ የሚገቡት መንገዶች እንደዚያ ካልሆኑ፣ ጥሩውን መንገድ ለማግኘት መጥፎውን ማለፍ ግድ ነው። ሀዲዱ ራሱም አለ። አብዛኛው ቦታ ላይ በሰፊ አስፋልት መሀል ታጥሮ ነው የሚሄደው፣ ጣቢያ ለመድረስ ከሁለቱም ወገን ፈጣን መኪና መሻገር ነው። በዚህ ከተማ ከግማሽ በላይ የሆነው ጉዞ በእግር ነው፣ በመኪና አደጋ ከሚሞቱት ውስጥም አብዛኞቹ እግረኞች ናቸው። ስለዚህ በጣቢያ ዙሪያ አዲስ ትልቅ ግንባታ ሲፈቀድ፣ የሚያመጣው ሰው የሚሻገርበት ዜብራና የመኪና ማቀዝቀዣ ጉብታ አብሮ የፈቃዱ ግዴታ ይሁን። ድልድይ አትሥሩልን፣ ደረጃ ወጥቶ ደረጃ ለመውረድ ጉልበት ያለው ሰው ከስር ሮጦ ይሻገራል፣ ጉልበት የሌለው ደግሞ ደረጃውን አይወጣውም።

አሁን ዋናውን ተቃውሞ ላንሳ፣ ሰፈር ውስጥም በየቡናው ላይ የምሰማው ነው። "ባቡሩ ራሱ መች ይመጣል? ግማሹ መለዋወጫ ጠፍቶ ቆሟል፣ አንተ ስለ ዙሪያው ታወራለህ።" እውነት አለው። ባቡር ስንጠብቅ የምንቆመውን፣ ሲመጣም እንዴት ተጠቅጥቀን እንደምንገባ ለእናንተ አልነግርም። ግን ባቡር ይጠገናል፣ ይገዛል፣ በጀት ከተገኘ በሁለት ዓመት ይስተካከላል። 15 ፎቅ ሕንፃና የኮንክሪት አጥር በተሳሳተ ቦታ ከቆመ ግን ማን ያነሳዋል? ካሳው ብቻ ሌላ ባቡር ይገዛል። ደንቡ መቅደም ያለበት ለዚህ ነው። ደግሞም ባቡሩ ቢቀር እንኳን ሰው በእግሩ የሚደርስበት ሱቅና ታክሲ መያዣ ያለው ሰፈር ማንን ጎዳ?

ቤት ዋጋን በተመለከተ አንድ ነገር ልጨምርና ላብቃ። ጣቢያ ዳር ያማረ ሰፈር ሲሠራ ኪራይ ይንራል፣ ባቡሩን በየቀኑ የሚጠቀመው ተከራይ ወደ ውጭ ይገፋል፣ ባቡሩ ደግሞ መኪና ያላቸው ሰዎች ደጅ ላይ ይቀራል። ይህ እንዳይሆን ከሚፈቀደው ተጨማሪ ወለል ላይ የተወሰነው ክፍል አነስተኛ ገቢ ላለው የሚከራይ ወይም የሚሸጥ ቤት ይሁን፣ ባለ ሁለትና ባለ ሦስት መኝታም ይካተትበት። የሳኦ ፓውሎ ስቱዲዮዎች ትምህርት የሚሆኑን እዚህ ላይ ነው። በቃሊቲ ጫፍም፣ በለቡ የጅቡቲው ባቡር ጣቢያ በኩልም መሬቱ ገና እየተቀረጸ ነው። እዚያ ደንቡ ከሕንፃው ቀድሞ የመድረስ ዕድል አለው። መሀል ከተማ ላይ ይህ ዕድል አልፏል ማለት ይቻላል።

በመጨረሻ የምጠይቀው ትልቅ ጥናት አይደለም። አንድ ጣቢያ ምረጡ፣ አያት ወይም መሪ ቢሆን ደስ ይለኛል ምክንያቱም ቅርቤ ነው። ፕላን አዋቂውንም፣ ፈቃድ ሰጪውንም፣ የወረዳውን ሰው ይዛችሁ በክረምት አንድ ጠዋት በእግራችሁ ኑ። የተዘጉትን መተላለፊያዎች ከነዋሪው ጋር ሆናችሁ ካርታ ላይ አስፍሩ። ከዚያ ረቂቅ ደንቡን በአማርኛ፣ ሰው በሚገባው ቋንቋ ጽፋችሁ ወረዳው በር ላይና ጣቢያው ላይ ለጥፉት፣ አስተያየት የሚሰጥበትም ጊዜ ስጡን። በዚህ መሀል ደግሞ አሁን በእጃችሁ ያሉትን፣ ከጣቢያ አጠገብ የሆኑትን የፈቃድ ጥያቄዎች ከመፈረማችሁ በፊት ፕላኑን አንዴ ገልብጡና እግረኛው በየት በኩል እንደሚያልፍ ፈልጉ። መስመሩን ካጣችሁት አልሚውን ጠርታችሁ ጠይቁት።

ከአክብሮት ጋር
የአያት አካባቢ ነዋሪ